ከአዲስ ቅዳም ወደ አዲስ አበባ፦ የከሰልና የውሃ መንገድ

አዲስ ቅዳም፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ በዳንግላና በእንጅባራ መካከል ትገኛለች። የአዊ ደጋ ዝናብ አያጣም፤ ወደ ሰሜን የሚወርደው ውሃ በግልገል አባይ በኩል ጣና ይገባል። ያው ዝናብ ግን አፈሩን ለዘመናት እያጠበ አሲዳማ ስላደረገው ማሳው ምርት ይነሣ ነበር። ገበሬው መላ ያገኘው ከአውስትራሊያ በመጣው ዛፍ፣ በዲከረንስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ከዚያ በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስላል። መሬቱ እንደገና ይታረሳል። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ብዙ ዛፍ ቢያደርቅም፣ የዚህን ገበሬ ብልሃት ሳያደንቁ ማለፍ አይቻልም። የከሰሉ አንዱ መድረሻ አዲስ አበባ ነው፤ ጉዞዬም ያንኑ መንገድ ተከተለ።

አዲስ አበባም የጸናችው በሌላ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩት ፍልውሃን ወደው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእንጦጦ ጥድ ተጨፍጭፎ ማገዶ ጠፋ፤ ዐፄ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። በዚያው ዘመን ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ።

ሆኖም የባሕር ዛፉ ቅጠል ለማገዶ እየተጠረገ ሲወሰድ የእንጦጦ ቁልቁለት ተራቆተ። ወደ መሬት መስረግ የነበረበት ዝናብ ጎርፍ ሆኖ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች ይወርዳል። የከተማዋ የውሃ ምንጭ እየራቀ ሄደ፦ በ1940ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1970 ለገዳዲ፣ በ1999 ድሬ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)፣ ከዚያም የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች። መሀሏን አቋርጠው የሚያልፉት ወንዞች ግን ቆሻሻ መጣያ ሆነው ቀሩ። ወንዝ በደጇ እየፈሰሰ ሰዉ ጀሪካን ይዞ ወረፋ መጠበቁ እጅግ ያሳዝናል።

እነዚህ ወንዞች በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ይገባሉ። ለኤሌክትሪክ ኃይል የተገደበው ይህ ሐይቅ እንቦጭ ተንሰራፍቶበታል። አረሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው፣ የአዊ ዝናብ የሚደርስበትን ሐይቅ የወረረው ያው ነው። ጣና ላይ የሚመግበው በዋናነት ከማሳ ታጥቦ የሚመጣ አፈርና ማዳበሪያ ነው፤ አባ ሳሙኤል ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ ፍሳሽ።