ሁለተኛው በር፦ የአፍሪካ ሴቶች የክሪኬት ማጣሪያና የዓለም ዋንጫው ጥበት

የአንድ አህጉር የማጣሪያ ውድድር ዋጋ የሚለካው በሜዳው በሚታየው ጨዋታ ብቻ ሳይሆን፣ አሸናፊውን ወዴት እንደሚያደርሰው በሚወስነው ደንብ ጭምር ነው። በሴቶች ክሪኬት የአፍሪካ ማጣሪያ ደግሞ ከጨዋታው ይልቅ ደንቡ ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ውድድሩ በሃራሬ፣ በጋቦሮኔ፣ በኢንቴቤና በዊንድሁክ በተካሄደ ቁጥር አሸናፊ ቢወጣለትም፣ ከእነዚህ አሸናፊዎች አንዱም እስከ ዛሬ የሴቶች የቲ20 ዓለም ዋንጫን ሜዳ አልረገጠም። በዚያ መድረክ ከአፍሪካ የታየችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ስትሆን፣ እርሷም በደረጃዋና በቀደመ ውጤቷ በቀጥታ የምትገባ በመሆኗ በአህጉሩ ማጣሪያ አትሰለፍም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪኬት ለአብዛኛው የአማርኛ አንባቢ ሩቅ ስፖርት ስለሆነ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች በተራ የሚመቱበትና የሚወረውሩበት የኳስና የዱላ ጨዋታ ነው፤ መቺዋ ኳሱን መትታ ከጓደኛዋ ጋር ቦታ በተቀያየረች ቁጥር «ሩጫ» የሚባል ነጥብ ይመዘገባል፣ ኳሱ መሬት እየነካ የሜዳውን ጠርዝ ካለፈ 4፣ መሬት ሳይነካ ካለፈ ደግሞ 6 ሩጫ ይቆጠራል። የወርዋሪዋ ዓላማ መቺዋን ከሜዳ ማስወጣት ሲሆን፣ ይህም ከመቺዋ ጀርባ በተተከሉት ሦስት እንጨቶች ስም «ዊኬት» ይባላል፤ 10 ዊኬት ያጣ ቡድን ተራው ያበቃል። ቲ20 የተባለው አጭሩ ዓይነት ለእያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር ብቻ የሚፈቅድ ነው፤ ኦቨር ማለት አንዲት ወርዋሪ በተከታታይ የምትወረውራቸው 6 ኳሶች ስለሆኑ፣ አንድ ቡድን ቢበዛ 120 ኳስ ይመታል፣ ግጥሚያውም በግማሽ ቀን ውስጥ ያልቃል።

ስፖርቱን የሚመራው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዱባይ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት፣ አባላቱን በሁለት ይከፍላል፦ 12 ሙሉ አባላትና እጅግ የሚበዙ ተባባሪ አባላት። ከአፍሪካ ሙሉ አባልነት ያላቸው ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ብቻ ሲሆኑ፣ ኡጋንዳ፣ ናሚቢያ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያ፣ ሩዋንዳ፣ ናይጄሪያና ሌሎቹ በተባባሪነት ተመዝግበዋል፤ ኢትዮጵያ በማጣሪያው ተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ምክር ቤቱ ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ በማናቸውም አባል አገሮች የሴት ብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚደረግ የቲ20 ግጥሚያ ሁሉ ይፋዊ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ሆኖ እንዲመዘገብ በመወሰኑ፣ ከዚያ በፊት ከአገራቸው ውጪ ማንም የማያውቃቸው ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ የመዝገብ ባለቤት ሆኑ። የውድድሩ አደረጃጀት የእግር ኳስ ተከታታይ ከሚያውቀው ይለያል፤ የኢትዮጵያ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ሉሲዎቹ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲጣሩ በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ በደርሶ መልስ ሲጫወቱ፣ የክሪኬቱ ማጣሪያ ግን ሁሉንም ቡድኖች በአንድ ከተማ ሰብስቦ በሳምንት ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ የሚፈጸም በመሆኑ፣ የአንድ ከሰዓት በኋላ ድካም የሁለት ዓመት ዝግጅትን ሊያጠፋ ይችላል።

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት የ2023ን መጨረሻ መመልከት በቂ ነው። በኖቬምበር በዊንድሁክ የተካሄደው የወንዶች የአፍሪካ ማጣሪያ በናሚቢያ አንደኝነትና በኡጋንዳ ሁለተኝነት ሲጠናቀቅ፣ ሙሉ አባሏ ዚምባብዌ ከውጪ ቀረች፤ ኡጋንዳም በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የኡጋንዳ ሴቶች በገዛ አገራቸው በኢንቴቤ በተዘጋጀው ማጣሪያ ለፍጻሜ ደረሱ፤ በዚምባብዌ ቢሸነፉም ልክ እንደ ወንዶቹ በአህጉሩ ሁለተኛ ሆኑ። ወንዶቹ በዚህ ውጤት በ2024 በዌስት ኢንዲስና በአሜሪካ ወደተካሄደው የዓለም ዋንጫ ሲጓዙ፣ ሴቶቹ የተጓዙት ወደ ሌላ ማጣሪያ ነበር። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ የኮታው አከፋፈል ነው፤ በዚያ ዙር ለሁለቱም ጾታዎች አፍሪካ 2፣ እስያ 2፣ አውሮፓ 2፣ የአሜሪካ አህጉር 1፣ ምሥራቅ እስያና ፓሲፊክ 1፣ በድምሩ 8 ቦታ ከየአህጉሩ ማጣሪያ ተሰጥቷል። ቁጥሩ አንድ፣ አከፋፈሉም አንድ ሆኖ ሳለ፣ የወንዶቹ 8 ቦታ የዓለም ዋንጫ ቦታ ነበር፤ የሴቶቹ 8 ቦታ ግን በአቡ ዳቢ ከስሪላንካና ከአየርላንድ ጋር ተጨምሮ 10 ቡድኖች ለ2 ቦታ የሚፋለሙበት ሁለተኛ በር ብቻ ነበር። ልዩነቱ የመጣው የወንዶቹ የዓለም ዋንጫ 20 ቡድኖች ሲያስተናግድ የሴቶቹ በ10 ተወስኖ ስለነበረ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ምክር ቤቱ በጁላይ 2023 በደርባን ባደረገው ጉባኤ በዓለም ዋንጫዎቹ ለወንዶችና ለሴቶች እኩል የሽልማት ገንዘብ እንዲከፈል በወሰነ በወራት ውስጥ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ውሳኔው ትክክለኛና የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን እኩልነቱ የሚደርሰው ለደረሱት ብቻ ስለሆነ፣ በበሩ ላይ የቀሩትን የኡጋንዳና የዚምባብዌ ተጫዋቾች አይመለከታቸውም። በስፖርት አስተዳደር ዘንድ ገንዘብን እኩል ማድረግ ቦታን እኩል ከማድረግ የሚቀልል ይመስላል።

በኤፕሪል 2024 በአቡ ዳቢ የኡጋንዳ ሴቶች ከስሪላንካና ከስኮትላንድ ጋር በአንድ ምድብ ተመደቡ፤ በመጨረሻም ሁለቱን ቦታዎች የወሰዱት እነዚሁ ሁለቱ ሲሆኑ፣ ስሪላንካ ከብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ጋር በማይወዳደር በጀትና በሙያተኛ ተጫዋቾች የምትመራ ሙሉ አባል መሆኗ አይዘነጋም። በሌላው ምድብ ዚምባብዌ በ61 ሩጫ ተገድባ በፓሲፊክ ደሴቷ ቫኑዋቱ ተሸነፈች፣ ይህም ሙሉ አባል መሆን በራሱ ዋስትና እንዳልሆነ አሳየ። ሆኖም ዚምባብዌ ሁልጊዜ በዚህ ርቀት አልወደቀችም፤ በ2022 በዚያው በአቡ ዳቢ በተካሄደው ማጣሪያ የዓለም ዋንጫ ትኬት በተቆረጠበት ግማሽ ፍጻሜ በአየርላንድ የተሸነፈችው በ4 ሩጫ ብቻ ነበር፤ 4 ሩጫ ማለት ደግሞ አንድ ኳስ በደንብ ተመትቶ ጠርዝ ሲነካ የሚገኝ ነጥብ ነው።

የጠባቡ በር ተከራካሪዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የደረጃ ልዩነት ነው፤ ደካማ ቡድኖች ቢጨመሩ ውድድሩ ጣዕም ያጣል፣ ተመልካችም ይሸሻል ይላሉ። ማስረጃ የላቸውም ማለት አይቻልም። በጁን 2019 በኪጋሊ፣ በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ያለቁትን ለማሰብ በየዓመቱ በሚዘጋጀው የኪዊቡካ ውድድር፣ የማሊ ሴቶች በሩዋንዳ ላይ ያስመዘገቡት ጠቅላላ ውጤት 6 ሩጫ ብቻ ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላም ኡጋንዳ 314 ሩጫ አስቆጥራባቸው እነርሱ በ10 ወጥተዋል። በሴፕቴምበር 2021 በጋቦሮኔ ማጣሪያ ኡጋንዳ 190 ሩጫ ስታስመዘግብ፣ የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ግጥሚያዋን ታደርግ የነበረችው ካሜሩን በ35 ተጠናቀቀች። (ከዚያ ማጣሪያ ለዓለም የተረፈው ወሬ ግን ይህ አልነበረም፤ አንዲት የካሜሩን ወርዋሪ ኳሱን ሳትለቅ ቀድመው መስመራቸውን የለቀቁ 4 የኡጋንዳ መቺዎችን በሕጉ መሠረት ማስወጣቷ ነው፤ ድርጊቱ ስፖርታዊ ጨዋነት ነው አይደለም የሚለው ክርክር የውድድሩን አሸናፊ ዚምባብዌን ስም እንኳ ሸፈነው።)

ይሁንና ተመሳሳይ ልዩነት በወንዶቹ ዘንድ መኖሩ በራቸውን አላጠበበም። የኡጋንዳ ወንዶች በ2024 የዓለም ዋንጫ በዌስት ኢንዲስ 39፣ በኒውዚላንድ ደግሞ 40 ሩጫ ላይ ተጠናቀው ተሸንፈዋል፤ በዚያው ውድድር ግን ፓፑዋ ኒው ጊኒን አሸንፈው በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ድላቸውን አስመዝግበዋል፣ ማንም ደግሞ በ39ኙ ሩጫ ምክንያት መምጣታቸው ስህተት ነበር ብሎ አልፈረደም። በሌላ በኩል የማሊ ሴቶች ያን ዓይነት ሽንፈት የደረሰባቸው፣ ከአንድ ዓመት በፊት በተጀመረ የይፋዊ ግጥሚያ ዘመን ውስጥ ገና ልምድ የሌላቸው ስለነበሩ ነው፤ ልምድ ደግሞ በመጫወት እንጂ በመጠበቅ አይገኝም።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የላቀ መልስ የሰጠው የታዳጊዎቹ ውድድር ነው። በጃንዋሪ 2023 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው ከ19 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ገና ከጅምሩ 16 ቡድኖች እንዲኖሩት በመደረጉ፣ የአፍሪካ ማጣሪያ አሸናፊ ያለ ሁለተኛ በር በቀጥታ ትገባለች። ከጥቂት ወራት በፊት በቦትስዋና በተደረገው ማጣሪያ ያለፉት የሩዋንዳ ልጃገረዶች በዚያ መድረክ መጀመሪያ ዚምባብዌን፣ ቀጥሎም ሙሉ አባል የሆነችውን ዌስት ኢንዲስን 4 ዊኬት እየቀራቸው አሸነፉ፤ በዚምባብዌው ግጥሚያ ሄንሪየት ኢሺምዌ በተከታታይ 4 ኳሶች 4 መቺዎችን አስወጥታለች። ሩዋንዳ ክሪኬትን ያወቀችው በዋናነት ከ1994 በኋላ ከኡጋንዳና ከኬንያ በተመለሱ ስደተኞች አማካይነት መሆኑን፣ በጋሃንጋ የተሠራው ስታዲየምም የተከፈተው በ2017 መሆኑን ያሰበ የዚህን ድል ፍጥነት ይረዳል። በጃንዋሪ 2025 በማሌዥያ በተካሄደው ሁለተኛው ውድድር ደግሞ ከአፍሪካ ማጣሪያ የመጣችው ናይጄሪያ፣ በዝናብ ምክንያት ወደ 13 ኦቨር ባጠረ ግጥሚያ 65 ሩጫ አስመዝግባ ኒውዚላንድን በ2 ሩጫ ረታች። የሁለት ውድድር ሁለት ውጤቶች ሁሉንም ነገር ያረጋግጣሉ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በሩ ሰፋ ባለበት ቦታ ሁሉ ከአፍሪካ ማጣሪያ የመጡ ቡድኖች ትልልቆቹን ያሸነፉ መሆናቸው፣ ጉድለቱ የችሎታ ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት ለመያዝ ያስቸግራል።

የሁለተኛ በር መኖር ሌላም ጉዳት አለው፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ባለው ጊዜ ከሜዳ ውጪ የሚወሰኑ ውሳኔዎች የተገኘውን ድል ሊሽሩት ይችላሉ። ዚምባብዌ በሜይ 2019 በሃራሬ በፍጻሜው ናሚቢያን አሸንፋ ወደ ስኮትላንዱ የዓለም ማጣሪያ ብታልፍም፣ መንግሥት በአገሪቱ የክሪኬት አስተዳደር ጣልቃ ገባ በሚል በጁላይ ከምክር ቤቱ ስለታገደች በቦታዋ የሄደችው የተሸነፈችው ናሚቢያ ሆነች፤ እገዳው በኦክቶበር ቢነሣም ውድድሩ አልፎ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም በሃራሬ ይካሄድ የነበረው የ50 ኦቨር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በኖቬምበር 2021 በኦሚክሮን ምክንያት ሲቋረጥ፣ ቀሪዎቹ ቦታዎች በደረጃ ሰንጠረዥ ተከፋፈሉ፤ ምድቧን ትመራ የነበረችው ታይላንድ ግን በዚያ የጨዋታ ዓይነት ይፋዊ ደረጃ እንድትይዝ ስላልተፈቀደላት በሰንጠረዡ ስሟ አልነበረምና ቀረች። በሁለቱም ጉዳይ ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አልነበረም።

ምክር ቤቱ በሩን ጥቂት ማስፋት ጀምሯል። በ2026 በእንግሊዝ የሚካሄደው የሴቶች የዓለም ዋንጫ 12 ቡድኖች እንዲኖሩት ተወስኗል፤ በሴፕቴምበር 2025 በዊንድሁክ ከተጠናቀቀው የአፍሪካ ማጣሪያ ያለፉት ዚምባብዌና ናሚቢያም በኔፓል 10 ቡድኖች ለ4 ቦታ በተፋለሙበት ማጣሪያ ቢሳተፉም፣ ቦታዎቹን የወሰዱት ባንግላዴሽ፣ ኔዘርላንድስ፣ አየርላንድና ስኮትላንድ ናቸው፤ ከአራቱ ሦስቱ ከአንድ አህጉር፣ ሁለቱ ደግሞ ሙሉ አባላት መሆናቸው በአጋጣሚ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። በ2030 ቁጥሩ ወደ 16 ያድጋል ተብሏል። ወሳኙ ነገር ግን የሚጨመሩት 4 ቦታዎች ወዴት እንደሚሄዱ ነው፤ በዓለም አቀፉ ማጣሪያ ላይ ከተከመሩ ቀድሞ ያልፉ የነበሩት ያው ያልፋሉ፣ እንደ ታዳጊዎቹ ውድድር ለአህጉራት በቀጥታ ከተከፋፈሉ ግን አፍሪካ ከደቡብ አፍሪካ ሌላ ቢያንስ አንድ ቡድን በመብት ትልካለች። በ2023 ዌስት ኢንዲስን ካሸነፉት የሩዋንዳ ታዳጊዎች በ2030 ትልቋ እንኳ ከ26 ወይም ከ27 ዓመት አትበልጥም፣ ይህም ለመቺም ለወርዋሪም ጉልበትና ልምድ የሚገናኙበት ዕድሜ ነው።