የቤቴ ዕቃ ብዛት

ሰው ሲያጣ እንደሚቸገር የታወቀ ነው፤ ሲተርፈው እንዴት እንደሚቸገር ግን በገዛ ቤቴ እስካየሁት ድረስ አላመንሁም ነበር። የምናገረው ስለ ባለጸጎች አይደለም፤ ደመወዙ ከወር እስከ ወር በጭንቅ ስለሚያደርሰው ስለ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ባለ ሁለት ክፍል ኮንዶሚኒየም ቤቱን በዕቃ አጨናንቆ ለራሱ መቀመጫ አጥቷል።

ነገሩ የጀመረው በዕቁብ ነው። ዕጣው በወጣልኝ ጊዜ ብፌ ገዛን። ብፌ ባዶውን አይቆምምና ብርጭቆ አስፈለገው፤ ብርጭቆውም 36 ደረሰ። እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ዛሬ በዚያ ብርጭቆ ውሃ የጠጣ ሰው የለም። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ ፈጥና የምታቀርበው ጠርዙ የተሸረፈውን የቀድሞውን ብርጭቆ ነው፤ የብፌው እንዳይሰበር። ከዚያ በኋላ የፕላስቲኩ ዕቃ ተከተለ። ርካሽ ስለ ሆነ ይገዛል፤ ርካሽ ስለ ሆነም ይሰነጠቃል፤ ስለ ተሰነጠቀም ሌላ ይገዛል። ከሁሉም ውስጥ ክዳኑ የሚገጥምለት አንድ ስንኳ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሲገባ የሚወጣ ነገር መኖሩ አይቀርም። ባለፈው ዓመት ለበዓል ቤቱን ስናጸዳ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አቧራ የጠጣውን ሞሰብ አነሣሁና ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ልጆች ከሌላው ጋራ አውጥቼ ሰጠሁ። ቦታ ይዞ ነበርና። እንጀራችንን በፕላስቲክ ማኖር ከጀመርን ቆይተናል።

ከጥቂት ወራት በኋላ እናቴ ከቡልጋ ልትጠይቀን መጣች። በመጀመሪያው ቀን ዐይኗን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ አዘዋውራ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ቤትህ ሞልቷል» አለችኝ። በማግሥቱ ማታ እንጀራ ሲቀርብ፣ «ልጄ፣ ሞሰቡ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለሠርጌ የሰፋችው ነው። ስንደዶውን ራሷ ነቅላ፣ አክርማውን ቀለም ነክራ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ በኩራዝ ብርሃን በወስፌ ስትሰፋው ዐይኗ እንደ ደከመ ዐውቃለሁ።

«ለጎረቤት አውሰነው ነው» አልሁ። ባለቤቴ አንገቷን ደፋች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ሞሰቡ በየትኛው ክምር ሥር እንደ ወደቀ ማን ያውቃል? የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር የኖረው ቆሼ በተባለው ስፍራ ነው። ክምሩ ተራራ አክሏል። ከእኛ የተረፈውን ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ በመሸጥ የሚተዳደሩ ወገኖቻችንም በግርጌው ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ከሟቾቹም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ እኔም እንደ ሌላው ሰው አዝኛለሁ፤ በመሥሪያ ቤታችን ገንዘብ ሲዋጣም አዋጥቻለሁ። በሰዎቹ ላይ የተናደው የማን ጓዳ ትራፊ እንደ ሆነ ግን አልጠየቅሁም።

እናቴ አንድ ሳምንት ሰነበተች። በየጧቱ የምንጥለውን ፌስታል እየለቀመች፣ አጥባና አድርቃ፣ እንደ ነጠላ አጣጥፋ ከፍራሹ ሥር ታኖረው ነበር፤ ልጆቼም ይሥቁባት ነበር። ልትሄድ ስትል፣ «ምን ልግዛልሽ?» ብላት፣ የጠየቀችኝ ባዶውን ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። ምንጩ ከቤቷ ሩቅ ነውና ለውሃ መቅጃ ይሆናታል። ከጎረቤት ጭምር ፈልገን 5 አገኘንላት፤ በገመድ አያይዛ ራሷ ተሸከመቻቸው።

በመናኸሪያው አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ጎረቤቶችህ ሞሰቡን ሲመልሱልህ በሚመጣ ሰው ላክልኝ፤ ክዳኑ ላልቶ ነበርና አጥብቄ እሰፋዋለሁ» አለችኝ።

እሺ አልኋት። ከዚያ ወዲህ ሦስት የአገሬ ሰዎች መጥተው ተመልሰዋል።