ናሽቪል ከሄዳችሁ ይህን ስቱዲዮ ሳታዩ አትመለሱ

የካንትሪ ሙዚቃ ወዳጆች ከሆናችሁ፣ የአሜሪካዋን ናሽቪልን ቢያንስ በስም ታውቋታላችሁ። ለዘመድ ጥየቃም ሆነ ለሥራ ወደዚያ ብቅ ካላችሁ፣ ጥቂት ሰዓት ለአርሲኤ ስቱዲዮ ቢ መድቡ። የጉብኝቱ ትኬት የሚገኘው መሀል ከተማ ባለው የካንትሪ ሙዚቃ ሙዚየም ነው፤ ከዚያ አውቶቡስ ሚዩዚክ ሮው ወደሚባለው ሰፈር ያደርሳችኋል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ የጀመረው ይህ ስቱዲዮ ከውጭ ሲታይ ተራ መጋዘን ይመስላል። ውስጡ ግን ኤልቪስ ፕሪስሊ የተጫወተበት ፒያኖ እስካሁን አለ። ወለሉ ላይ ደግሞ ድምፅ ከሁሉም ቦታ አምሮ የሚሰማበት ነጥብ በኤክስ ምልክት ተለይቷል። ልጆቻችሁ ግን ከሁሉ በላይ የሚወዱት የዶሊ ፓርተንን ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። ዶሊ ለቀረጻ ረፍዶባት ስትጣደፍ መኪናዋን ከሕንጻው ግድግዳ ጋር እንዳላተመችው አስጎብኚዎቹ ይተርካሉ።

ዶሊ በቴኔሲ ገጠር፣ 12 ልጆች ካሉበት ድሃ ቤት የወጣች ናት። እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስለሰፋችላት ኮት የገጠመችውን ዘፈን የጻፈችው፣ አውቶቡስ ውስጥ ወረቀት ብታጣ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤት ደረሰኝ ላይ ነበር። እሱም በ1971 የተቀረጸው እዚሁ ነው።

የዚህ ክፍል ትልቁ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ዶሊ ከ1967 ጀምሮ በፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ትዘፍን ነበር። ራሷን ችላ ልትወጣ ስትፈልግ ፖርተር እሺ አላላትም። በንግግር አልሆን ሲላት የስንብት ዘፈን ጽፋ፣ ፊቱ ቁጭ ብላ ዘፈነችለት። አለቀሰ፤ ፕሮዲዩሰሩ እኔ ከሆንኩ ሂጂ አላት። በ1973 እዚሁ የተቀረጸው ይህ ዘፈን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ነው።

ብዙም ሳይቆይ ኤልቪስ ዘፈኑን ሊቀርጸው ፈለገ። ዶሊ በደስታ ሰከረች። ቀረጻው ሲቃረብ ግን የኤልቪስ ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ቶም ፓርከር የዘፈኑን የአሳታሚነት መብት ግማሽ ጠየቃት። ዘፈኑ በተሸጠ፣ በሬዲዮ በተላለፈ ወይም ሌላ ሰው በዘፈነው ቁጥር ገቢ የሚያስገኘው ይህ መብት ነው። ገና 30 ዓመት ያልሞላት ዶሊ ለቤተሰቧ የምታወርሰው ሀብት መሆኑን አስባ እምቢ አለች። በኋላ እንደተናገረችው ያን ሌሊት ስታለቅስ ነው ያደረችው።

በ1992 ዊትኒ ሂውስተን «ዘ ቦዲጋርድ» ለተባለው ፊልም ዘፈነችው። እኛም አገር ብዙ ሰው ዘፈኑን የሚያውቀው በእሷ ድምፅ ነው። በአሜሪካ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ መብቱም ሙሉ በሙሉ የዶሊ ነበር። ከገቢው በከፊል ናሽቪል ውስጥ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በሚኖሩበት ሰፈር፣ የቢሮ ሕንጻ ገዛችበት።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ታዋቂ ስም ሲመጣ ድርሻን አሳልፎ መስጠት ምን ያህል እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። እናንተም ስቱዲዮው ስትደርሱ ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ከዚያም ኤክሱ አጠገብ አቁማችሁ፣ ኤልቪስ ግማሹን ቢጠይቃቸው ምን ይሉት እንደነበር ጠይቋቸው።