አያቱ የት ነው የሚኖሩት?

ኤፕሪል 13 ቀን 2023 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊሶች በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዳይተን በተባለች ትንሽ ከተማ አንድ የ21 ዓመት ወጣት እጁን በራሱ ላይ አስጭነው ከቤቱ ወሰዱት። ጃክ ቴሼራ ይባላል። የማሳቹሴትስ ኤር ናሽናል ጋርድ ወታደር ነበር፤ ሥራውም የኮምፒዩተር መረብ ጥገና ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ እጅግ ጥብቅ ምስጢር የሆኑ ሰነዶችን መጀመሪያ በእጁ እየገለበጠ፣ ኋላም ፎቶግራፍ እያነሣ፣ ዲስኮርድ በተባለው መድረክ ላይ ለጨዋታ ጓደኞቹ ሲያድል ቆይቷል።

የዓለም ዓይን ያረፈው በሰነዶቹ ይዘት ላይ ነበር። የዩክሬን አየር መከላከያ ምን ያህል ሚሳይል ቀርቶታል? አሜሪካ የገዛ ወዳጆቿን ሳይቀር እንዴት ታዳምጣለች? ጋዜጦች ለሳምንታት ያወጉት ይህንኑ ነው። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህን ልጅ ማን መረመረው? ሲመረምረውስ ምን ጠየቀው?

ጥያቄው ለእኔ ከሩቅ የሚታይ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ በዓይኔ ሥር ያደገ የወዳጆቼ ልጅ ወደ ጦሩ ገባ። የተመደበበት ሙያ የምስጢር ፈቃድ፣ ወገኖቻችን በአፍ ልማድ «ክሊራንስ» የሚሉትን፣ የሚጠይቅ ስለነበረ ምስክር አድርጎ ስሜን አስመዘገበ። አንድ ቅዳሜ መርማሪው መጣ። መታወቂያውን አሳየኝ፤ ጨዋ ሰው ነበር፤ የቀረበለትን ቡናም አልናቀም።

ስለ ልጁ ጠባይ የጠየቀኝ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ይጠጣል? ዕዳ አለበት? ቁጡ ነው? የቀረውን ጊዜ የወሰዱት ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት አያቱ ናቸው። የት ነው የሚኖሩት? በወር ስንት ጊዜ ይደዋወላሉ? ገንዘብ ይልክላቸዋል? አጎቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር መሆናቸውን ስነግረው ደግሞ ከማስታወሻው ቀና አለ። «እንግዲያው የውጭ መንግሥት ተቀጣሪ ናቸው ማለት ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? በእኛ አገር ከቤተሰቡ መካከል መምህር፣ ነርስ ወይም የቀበሌ ጸሐፊ የሌለው ማን ነው?

ኤስ ኤፍ 86 የሚባለው ቅጽ ከመቶ ገጽ በላይ ነው። በውጭ አገር ስላሉ ዘመዶችህ፣ ከመንግሥታቸው ጋር ስላላቸው ግንኙነት፣ አሜሪካዊ ላልሆነ ሰው ገንዘብ ረድተህ ታውቅ እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠይቃል። በየወሩ ለእናቱ የሚልክ ሰው በእኛ ዘንድ «የተባረከ ልጅ» ይባላል፤ በቅጹ ላይ ግን ማብራሪያ የሚሻ ጉዳይ ነው። ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቆ በመጨረሻ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። ምክንያቱን የነገረው የለም። እናቱ ግን በራሷ መንገድ ደረሰችበት፦ «ጋሼ፣ እማዬ ሰላይ ናት ብለው ነው እንዴ? የጎረቤት ልጅ ስልኩን ካልከፈተላት ሃሎ ማለት የማትችለዋ ሴትዮ?»

አሁን ወደ ቴሼራ እንመለስ። ይህ ወጣት ባሕር ማዶ የሚጦራት አያት አልነበረችውም። እንጀራ አባቱ እርሱ በተመደበበት በዚያው ክፍል ያገለገለ ጡረተኛ ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ነገር ግን በ2018፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ስለ ጦር መሣሪያና ስለ ተቀጣጣይ ጠርሙስ ሲናገር፣ ዘርን የሚነካ ዛቻም ሲሰነዝር ተሰምቶ ከትምህርት ቤት ታግዷል። የከተማው ፖሊስም በዚሁ ምክንያት የጦር መሣሪያ ፈቃድ ከልክሎታል። ኋላ ፈቃዱን ሲያገኝ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ በጦሩ ውስጥ የተጣለበት አመኔታ ነበር። በ2019 ወታደር ሆነ፤ በ2021 ደግሞ ከፍተኛው የምስጢር ፈቃድ ተሰጠው።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ «ወረቀቱ ስቶታል» ብለን እናልፍ ነበር። የባሰው ከፈቃዱ በኋላ የሆነው ነው። የአየር ኃይሉ ዋና ኢንስፔክተር በዲሴምበር 2023 ይፋ ያደረገው ሪፖርት እንደሚለው፣ በሴፕቴምበር 2022 ምስጢራዊ መረጃ በማስታወሻ ሲገለብጥ ታይቶ እንዲያቆም ተነግሮታል። በኦክቶበር ከሥራው ጋር የማይገናኙ ጥልቅ ጥያቄዎች ሲጠይቅ በድጋሚ ታይቷል። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ የማይመለከተውን ሰነድ ሲያነብ ተገኝቷል። ያዩት ሰዎች ለጸጥታ ኃላፊዎች የተሟላ ሪፖርት አላደረጉም። አንዱ እንኳ በጊዜው ቢናገር ኖሮ የምስጢሩ መፍሰስ በብዙ ወራት ሊያጥር ይችል እንደነበር ሪፖርቱ ይመሰክራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በ15 ሰዎች ላይ የዲሲፕሊን እርምጃ ተወሰደ፤ ቴሼራም ጥፋቱን አምኖ በኖቬምበር 2024 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «ታዲያ የውጭ ዝምድና አይጠየቅ ልትል ነው?» ብሎ ቢሞግተኝ ልክ ነው። በ2009 ሥራ የጀመረው ማቭኒ የተባለው ፕሮግራም የአሜሪካ ዜግነት የሌላቸውን ሰዎች በቋንቋ ችሎታቸው ወደ ጦሩ ይቀበል ነበር፤ ከተፈለጉት ቋንቋዎችም አንዱ የእኛው አማርኛ ነበር። ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ በር ገብተዋል። በዚሁ በር የገባው ጂ ቻኦኩን የተባለ ቻይናዊ ግን ከአገሩ የስለላ ድርጅት ጋር የነበረውን ግንኙነት በቅጹ ላይ ክዶ ተገኘ፤ በጃንዋሪ 2023 የ8 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ወታደር ባይሆንም፣ በዚያው ዓመት የስቴት ዲፓርትመንት የኮንትራት ሠራተኛ የነበረ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለውጭ መንግሥት ምስጢር አቀብሏል ተብሎ መታሰሩን ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ ሥጋቱ ከሜዳ የመጣ ነው አልልም።

የምለው፣ ሥጋቱ በምን ሚዛን ተመዘነ ነው። በ2016 የማቭኒ ምልምሎች ማጣሪያ እጅግ እንዲጠብቅ ተደረገ፤ ፕሮግራሙም አዲስ ሰው መቀበል አቆመ። በ2018 በርካታ ምልምሎች ሲሰናበቱ አንዳንዶቹ የተነገራቸው ምክንያት በውጭ አገር ዘመድ ያላቸው መሆኑ ነበር። በጃንዋሪ 2019 ሲያትል የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በዚህ ፕሮግራም ገብተው ዜግነት ያገኙ ወታደሮችን ከሌላው ለይቶ ያለማቋረጥ መከታተል የእኩልነት መብትን ይጥሳል ሲል ፈረደ። ጂ ቻኦኩን የተቀጣው በሠራው ሥራና በዋሸው ውሸት ነው። ዘመድ ስላለው የተሰናበተው ምልምል ግን የተቀጣው ሊሠራ ይችላል ተብሎ በተገመተው ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ማድረግ ፍርድም አይደለም፣ ጥበቃም አይደለም።

ጥበቃው ሲላላ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምስጢሩን ያሾለከው ብቻ አይደለም። በ2010 ኢራቅ ውስጥ የስለላ ተንታኝ የነበረችው ቼልሲ ማኒንግ ከ250 ሺህ በላይ የዲፕሎማሲ መልእክቶችን ለዊኪሊክስ ሰጠች። ማኒንግን ከቴሼራ ጋር አላስተካክልም፤ እርሷ የሕሊና ጥያቄ ነበራት፣ ያወጣችውም የባግዳድ ቪዲዮ ዓለም ሊያየው የሚገባ ነበር። ይሁንና እርሷም ኦክላሆማ የተወለደች አሜሪካዊት ናት፤ ከመዝመቷ በፊት አለቆቿ የታዘቡት ችግርም ነበር። መልእክቶቹ በሴፕቴምበር 2011 ስም ሳይሸፈን በሙሉ ሲለቀቁ፣ አንዱ በ2009 ከአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ የተላከና በአዲስ ነገር ጋዜጣ አዘጋጆች ላይ ሊወሰድ ስለታሰበ እርምጃ የሚያወሳ ነበር። በውስጡ የጋዜጠኛ አርጋው አሽኔ ስም ተጠቅሷል። ባለሥልጣናት ጠሩት፤ የፌዴራል ፖሊስም የመንግሥት ምንጩን እንዲያጋልጥ 24 ሰዓት ሰጠው። አርጋው አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ኢራቅ በረሓ ውስጥ የተገለበጠ ፋይል አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ከቤቱ አስወጣ። ምስጢር ሲሾልክ «የአሜሪካ ጉዳይ ነው» ብለን ማለፍ የማንችለው ለዚህ ነው።

በአገራችን ለገንዘብ ያዥነት ወይም ለንብረት ጠባቂነት የሚቀጠር ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱ «ደህና ልጅ ነው» ብሎ ፈርሞ አይሄድም፤ ያ ሰው ነገ ቢያጎድል ተጠያቂ ነውና ጠባዩን መከታተሉ አይቀርም። ወደ እኔ የመጣው መርማሪ ግን ምስክርነቴን ወስዶ ሄደ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። የአሜሪካ መከላከያ በ2021 ፈቃድ ያላቸውን ሁሉ በተከታታይ ማጣራት ሥር አስገብቻለሁ ብሏል። ሆኖም ማሽን የሚያገላብጠው በዋናነት የፖሊስንና የባንክ መዝገብን ነው። የጎን ባልደረባው ማስታወሻ ሲገለብጥ የሚያየው ሰው ብቻ ነው፤ አይቶ ዝም የሚለውም ሰው ነው። ምስጢር የሚጠበቀው «ይህ ሰነድ ለዚህ ሰው ሥራ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ሲጠየቅ፣ ያየም ሳይፈራ ሲናገር ነው። የመረብ ጠጋኙ የዩክሬንን የጦር ካርታ ለምን ያነባል ብሎ የደፈረ አለቃ ቢኖር፣ ከመቶ ገጽ ቅጽ ይልቅ ይበጅ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን የሰውን ታማኝነት በተወለደበት ቦታና በዘመዶቹ መመዘን ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ስለዚህ ልጆቻችን በዚያ ሚዛን ላይ ሲወጡ ዝም ልንል አይገባም፤ ሚዛኑን በገዛ ቤታችንም ልንጠቀምበት አይገባም። ያ ልጅ ዛሬም ግምጃ ቤቱ ውስጥ ዕቃ ይቆጥራል። እስካሁን አንድም አልጎደለበትም።

ቸር እንሰንብት።