የኤዲቲንግ ሶፍትዌሬ ዘር ማንዘር

ሰው ሊጋባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ዘር እንቆጥራለን። ሰርጉን ኤዲት የምናደርግበት ሶፍትዌር የማን ልጅ እንደሆነ የጠየቀ ባለሙያ ግን አላጋጠመኝም። በእኛ ሙያ ሶፍትዌር በፍላሽ ይመጣል፤ ክራኩ አብሮት ይመጣል፤ ቀን የጎደለ ዕለት ቫይረሱም ይከተላል። ከየት መጣ አይባልም፤ መልሱ ስለሚታወቅ።

የዘር ቆጠራ አመል የተጠናወተኝ ኬዲኤንላይቭ በሚባል ኤዲተር መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ነው። በነጻ፣ ያውም በሕጋዊ መንገድ የሚወርድ፣ ኮዱንም ማንም ከፍቶ የሚያየው ነገር መጀመሪያ ያጠራጥራል። የለመድነው "ነጻ" ሥራውን አስጨርሶን ሲያበቃ ሙሽራዋ ግንባር ላይ ማኅተሙን የሚያሳርፈው ዓይነት ነው። ይሄኛው አላሳረፈም። ታዲያ ማን ከፈለበት?

የመጀመሪያው ቤት አላስቸገረኝም። በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጄሰን ዉድ የሚባል ፕሮግራመር ጀመረው፤ በኋላ ዣን ባፕቲስት ማርዴል ተረክቦ ለረጅም ዓመታት ይዞት ቆየ። በ2019 ታይምላይኑን ከሥሩ ነቅለው እንደ አዲስ ጽፈው አወጡት። ለዓመታት የተደከመበትን ኮድ ይጣል ማለት አለቃ ባለበት መሥሪያ ቤት የሚሞከር አይመስለኝም።

ነገሩ የጣመኝ ሁለተኛው ቤት ላይ ስደርስ ነው። ኬዲኤንላይቭ ብለን የምናየው ፊቱን ነው፤ ከሥር የሚለፋው ኤምኤልቲ የሚባል ሞተር ነው። ሾትከት የተባለው ኤዲተርም በእሱ ነው የሚሠራው፤ ኦፕንሾት የተባለውም የራሱን ሞተር እስኪሠራ ድረስ በእሱ ነበር። የኤምኤልቲን የድሮ ቅጂዎች የኮድ ፋይሎች ስትከፍቱ አናታቸው ላይ የባለመብት ስም ታገኛላችሁ፦ 2003-2004፣ ኡሾዳያ ኢንተርፕራይዝስ። የሃይደራባድ ኩባንያ ነው፣ ሕንድ። ኢናዱ የተባለውን የቴሉጉ ቋንቋ ጋዜጣ ያሳትማል። የዚያው ቤተሰብ ቴሌቪዥን ደግሞ ኢቲቪ ይባላል (የእኛው አይደለም፣ ተረጋጉ)። በተረፈ ፕሪያ በሚል ስም በዘይትና በቅመም የተዘፈዘፈ ማንጎ በጠርሙስ ይሸጣል። እንግዲህ ከፋዩ ተገኘ።

ሞተሩን የጻፉት ቻርልስ ያትስና ዳን ዴኔዲ ናቸው፤ የታሰበውም ለቴሌቪዥን ሥርጭት ነበር። ይህ ዛሬም አጥንቱ ውስጥ አለ። ሕንድም ኢትዮጵያም የለመዱት የፓል ሥርዓት በሴኮንድ 25 ፍሬም ይፈልጋል፤ ለአንዱ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ማለት ነው። የሰርግ ኤዲተር ቢዘገይ ደንበኛ ይቆጣል፤ ሥርጭት ከዘገየ ስክሪኑ ይጠቁራል። ስለዚህ ኤምኤልቲ ውስጥ አዛዡ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ተቀባይ ነው፤ እሱ "ቀጣዩን" ሲል ነው ከኋላ ያሉት የሚነሱት። ታይምላይኑ ላይ ሙሽራዋን ወደፊትና ወደኋላ ስጎትታት የማየው ምስል ያኔውኑ ተጠይቆ ያኔውኑ የተሠራ ነው።

የፕሮጀክቱን ፋይል በኖትፓድ ብትከፍቱት ቪዲዮ የለበትም። ተራ ጽሑፍ ነው፦ ክሊፑ የት እንደተቀመጠ፣ ከስንተኛው ፍሬም እስከ ስንተኛው እንደተወሰደ። ትራኮቹን ሁሉ አስተሳስሮ እኩል ወደፊት የሚጎትታቸው ክፍል ትራክተር ይባላል። የእስክስታና የኬክ ክሊፖች በተዘረዘሩበት ሰነድ መሃል ትራክተር ቆሞ ሳይ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ከዚያ በታች ቤቱ የጋራ ነው። ኤምኤልቲ የተቀረጸውን ፋይል ፈትቶ ለማንበብ ኤፍኤፍኤምፔግን ይጠራል፤ ቪኤልሲ ማጫወቻም ብዙውን የሚፈታው በእሱ ላይብረሪዎች ነው። ኤፍኤፍኤምፔግን በ2000 የጀመረው ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር ሲሆን፣ ያኔ ይጠቀም የነበረው ዤራር ላንቶ የሚል የብዕር ስም ነው። ዘር ቆጣሪን ለማሳሳት የተመቸ ሰው ነው።

በቀደም ዕለት የአንድ ሰርግ ክሊፖችን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ አዛወርንና ፕሮጀክቱን ስንከፍተው ክሊፖቹ ሁሉ የሉም አለን። ረዳቴ ላብ አጠመቀው። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቼ የድሮውን አድራሻ በሙሉ በአዲሱ ተካሁት፤ ሰርጉ ከነሚዜዎቹ ተመለሰ። የቀረው አንድ ዘፈን ነበር፣ እሱም ዴስክቶፕ ላይ ተገኘ።

"ጋሼ፣ ይሄን ደግሞ ከየት አመጡት?" አለኝ።

ስለ ሃይደራባድ፣ ስለ ጋዜጣውና ስለ ማንጎው አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

"እሺ ጋሼ፤ የሙሽራው ወንድም ደጋግሞ እየደወለ ነው፤ ኤክስፖርት ላድርገው?"