ከሙጫው በፊት ያለው ሥራ

በወልድያና በመርሳ በቀድሞዎቹ የጭቃ ቤቶች ግድግዳን ጋዜጣ ማልበስ ከእጦት የመጣ ልማድ ነው ብለው የሚንቁት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ሥራውን በአንክሮ ለተመለከተው ሰው የራሱ ሥርዓት ያለው ጥበበ እድ መሆኑ አይሰወርበትም እላለሁ። አስቀድሞ ጭድ የገባበት ምርጊት በሚገባ ይደርቃል፤ ስንጥቁ ይደፈናል፤ ከዚያም የቤቱ እመቤት የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣ፣ እሳት ላይ ጥዳ፣ እስኪወፍር ድረስ ታማስለዋለች፤ ዱቄቱ በሙቀት ኃይል ውኃውን ጠጥቶ ካላበጠ በቀር አይጣበቅምና። ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረው አዲስ ዘመንም ከአንባቢው እጅ ከወጣ በኋላ በዚህ ሙጫ ተለጥፎ፣ ከመደቡ በላይ ሌላ አንባቢ ሲጠብቅ ይኖራል። (አናቱ ወደ ታች ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ገጽ ባየሁ ቁጥር የለጣፊውን ችኮላ እታዘባለሁ። ሙጫው ምግብ በመሆኑ በረሮና አይጥ መጥራቱም አይካድም።)

ከዚህ የከበረው አርአያ በቤተ ክርስቲያናችን ይገኛል። በጎንደር ዘመንና ከዚያም ወዲህ ሠዓሊዎች የቅዱሳንን ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ከሣሉ በኋላ ጨርቁን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት ነበር። ከጣሪያ የሰረገ ውኃ ግድግዳውን ባራሰው ጊዜም ጨርቁ ሥዕሉን እንደ ተሸከመ ይላቀቃል፤ የሠዓሊው እጅ የቱንም ያህል የተባረከ ቢሆን፣ እርጥብ ግድግዳ አይምረውም።

ዛሬ በወልድያ አዳዲስ የብሎኬት ቤቶች የሚለጠፈው ዎልፔፐር እንደ ልማዱ 53 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጥቅልል ይመጣል። ዐዋቂ ለጣፊ ከመቁረጡ በፊት ጥቅልሎቹን ሁሉ ፈትቶ በቀን ብርሃን ይመረምራል፤ የኅትመት ቁጥራቸው የተለያየ እንደ ሆነ፣ በመብራት አንድ የመሰለው ኅብር በመስኮት አጠገብ ሁለት ሆኖ ይታያልና። ሙጫው የሚቀባው በወረቀቱ ጀርባ ከሆነም፣ ወረቀቱን አጥፎ ጥቂት ደቂቃ ያሳርፈዋል፤ ውኃ የጠጣ ወረቀት ወደ ጎን ይሰፋልና፣ ስፋቱን ሳይጨርስ ግድግዳ ላይ ቢወጣ እዚያው ያብጣል። የመጀመሪያው ዝርግ በቱንቢ ካልቀና ደግሞ ተከታዮቹ ሁሉ ጥመቱን ይወርሳሉ። ከወልድያ ይልቅ ሞቃታማ በሆነችው በመርሳ ሙጫው ፈጥኖ ስለሚደርቅ፣ እንደ አገሩ አየር እጅን ማፍጠንም ያሻል።

ይህ ሁሉ ግን በደረቅ ግድግዳ ላይ ነው። የሲሚንቶ ልስን እርጥበቱን እስኪተፋ ሳምንታት ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ግን ለጥር ሠርግ ቤቱ እንዲያምርለት ይቸኩላል፤ በሚቀጥለው ክረምት መገጣጠሚያው አፉን ሲከፍት የሚረገመው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ለጣፊ የሚቀጥር ሰው በዋጋ ከመከራከሩ አስቀድሞ ግድግዳው መቼ እንደ ተለሰነ ይንገረው፤ «ገና ነው፣ ይቆይ» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥመው በደስታ ይጠብቀው፤ ቀብድ ተቀብሎ በማግሥቱ መሰላል ተሸክሞ የሚመጣውን ግን እኔ አልቀጥረውም።