ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን

ሰው ሲሞት የምናደርገውን እናውቃለን። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችም አዋጥተው ለቅሶ ይደርሳሉ። መርዶ ያልመጣለት፣ ግን በጭንቀት የሚያልቅ ባልደረባስ? ለእርሱ ሥርዓት አላበጀንም።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የትግራይ የስልክ መስመር ተቋረጠ። እኔ በምሠራበት ቢሮ እናቷና ወንድሟ መቀሌ የሚኖሩ አንዲት እኅት ነበረች። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። የመጋቢ ሚስቶች ይህን አስተያየት ታውቁታላችሁ፤ “ቃል ከእርስዎ አይጠፋም” የሚል ነው።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም ወዳጆች ነበሩ። ጣጣው የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም የተጨነቀን ሰው “ተናገር” ብላችሁ አትጫኑት፣ ሲናገር ስሙት፣ የማታውቁትን ተስፋ አትስጡት ይላል። “አይዞሽ” ማለት መልካም ነው። “ምንም አይሆኑም” ግን ከየት ያመጣነው ወሬ ነው?

ስለዚህ ሥራዋን ተካፈልን። ቁጥር መደመር አቅቷት ስለነበር አንድ ወንድም ሰነዶቿን ሳያስወራ ይመረምርላት ጀመር። “ምሳ በላሽ?” ብንላት “አዎ” ትላለች፤ “ነይ፣ እንብላ” ስንላት ግን ትነሣለች። በቡና ሰዓት ጨዋታው “ማን አሸነፈ” ወደሚለው ሲያዘነብል አለቃችን ወሬውን ይቆርጡት ነበር፤ ከሁሉ የበለጠ የጠቀማት ይህ ይመስለኛል።

ጸሎትስ? እርሷ ኦርቶዶክስ ናት። “ስለ እናትሽ ልጸልይ?” ብዬ ጠየቅኋት፤ እሺ ስትለኝ በአጭሩ ጸለይሁ፣ ስብከት አልጨመርሁበትም። የሰው ጭንቀት የምስክርነት አጋጣሚ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። እኔ አልስማማም።

ከባዱ የመጀመሪያው ሳምንት አልነበረም። መስመሩ አንዳንድ ቦታ ተከፍቶ እንደገና ተዘጋ፤ ጠያቂው ሁሉ ሰለቸው። ምሳ መጥራታችንን ያላቋረጥነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ ስልኳ ሠራ። እናቷ አሉ። ወንድሟ ግን ካረፈ ቆይቷል።

አዋጥተን ለቅሶ ደረስን። ወደ ሥራ በተመለሰች ዕለትም በስድስት ሰዓት “ነይ፣ እንብላ” አልናት።